ሰው ፈልጊልኝ ብልሽ ሐይቅ ላክሽልኝ

ካትሌሆንግ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤርጎጌ፣

ትናንት ፎርድስበርግ ቅመም ለመግዛት ወረፋ ይዤ ሳለ ከፊቴ የቆሙ ሁለት የሕንድ ሴቶች ስለ ኡቲ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ «የዚያ ተራራ አየር የሞተ ያስነሣል» አለች። ሌላዋ አልተከራከረቻትም። ስለዚህ እውነት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። አንቺም እዚያው ስለሆንሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ከማረፊያሽ ሩቅ ካልሆነ፣ ጎራ ብለሽ የሙታኑ ቁጥር ቀንሶ እንደሆነ ብታዪልኝ ደስ ይለኛል።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የሕንድ ሐኪሞች ያስገቡልሽ አዲሱ ጉልበት ከባለቤቱ ጋር ተስማማ ወይ? ሐኪሙ «ቆላው ስለሚሞቅ ተራራ ላይ ትረፍ፣ በየቀኑ ትራመድ፣ ሦስት ወር ግን እንዳትንበረከክ» ማለቱን ልጄ ፊቤ ተርጉማልኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ ተንበርክካ ለጸለየች ሴት ከባድ ትእዛዝ ነው። ቆሞ የሚጸልይም ይሰማል፤ አትጨነቂ።

እኛ ደህና ነን። ልጄ በየቀኑ ትምህርት ቤት ውላ እኔን ታርማለች። ሱቅሽም ደህና ነው። ደንበኞችሽ በፍርግርጉ አንገታቸውን አስግገው «ጎጎስ?» ይሉኛል። እኔን ግን አሁንም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉኝ። አንቺን ጎጎ፣ አያታቸው፣ ለማድረግ ሃያ ዓመት ስለፈጀባቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ አያት ልሁን ብዬ አላስቸግርም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው በስልክ «የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌነት ለምን እምቢ አልክ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትዎርኩ ተቋረጠ ብዬሻለሁ። አልተቋረጠም። ዘጋሁት። ይቅርታ። ፊቤ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ይህን ነገር ልጄ ፊት ማውራት አልቻልኩም። ለዚህ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ። ነጋዴዋ ሀቢባ ጄፒ መንገድ ላለው ሱቋ ቲሸርት ልትገዛ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቲሩፑር እየበረረች ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ትሰድልሻለች።

ፓስተር ጌዴዎን ዶርንፎንቴን ወዳለው ቢሮው አስጠርቶኝ፣ «ዱካሞ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የጌታን እራት የማትወስደው?» አለኝ። ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር። ሳህኑ ሲመጣ፣ ታክሲ ውስጥ የሰው ሒሳብ ወደ ፊት እንደሚያቀብል ተሳፋሪ፣ ተቀብዬ ለጎረቤቴ አሳልፋለሁ። አርባ ዓመት አሳልፌያለሁ። «እስከ ስቅለት ታረቅ፤ ያን ቀን ከወሰድክ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ እንሾምሃለን» አለኝ። ሹመቱ ቢቀር ግድ የለኝም። ዳቦው ነው የናፈቀኝ።

የተበደሉት ሕንዳዊው አስተማሪዬ ቲቸር ኩሪያን ናቸው። እንዴት ትረሻቸዋለሽ፤ ሆሳዕና ሳሉ ውሃቸውን የምትቀጂው፣ ሸሚዛቸውን የምታጥቢው አንቺ ነበርሽ። በ1977 ቤተ ክርስቲያኖቻችን ታሽገው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እሳቸው ቤት «ለካርታ ጥናት» እንሰበሰብ ነበር። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ፣ ጭናቸው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ። በር ከተንኳኳ ወደ አማዞን ወንዝ እንዞራለን። በር ብዙ ጊዜ ይንኳኳ ስለነበር ዛሬም ከጳውሎስ መልእክቶች ይልቅ የአማዞንን ገባሮች አውቃለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ጠሩኝ። ካድሬው አልመታኝም። ሻይ ሰጠኝ። «ሕንዱ ቤት የምታጠኑት ካርታ ነው?» አለኝ። «ካርታ ብቻ አይደለም» አልኩ። ሦስት ቃል ነው። ቅዳሜ ቲቸር ሁለት ሻንጣ ይዘው አውቶቡስ ሲሳፈሩ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተደብቄ አየሁ። በአስቸኳይ ከአገር ይውጣ ተብለው ነው ተባለ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለሟች ባለቤቴም።

አገራቸው ኡቲ መሆኑን ታስታውሻለሽ። በጠመኔ ይስሉልን ነበር፤ ሐይቁን፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ ተራራ የሚወጣውን ሰማያዊ ባቡር፣ የአትክልቱን ሥፍራ፣ ጎሽ የሚያረቡትን ሰዎች፣ ትልቁን ተራራ። ሐኪሙ «ኡቲ ትረፍ» ሲልሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ፊቤን «የድሮ አስተማሪ ፈልጊልኝ» ብያት በአምስት ደቂቃ አገኘቻቸው። «ዳዲ፣ ሂ ኢዝ ስቲል አላይቭ» አለች። የቤተ ክርስቲያናቸው መጽሔት ላይ የሰማንያ አራተኛ ልደታቸውን ኬክ እያዩ ተቀምጠዋል፤ ኬኩን የሚያምኑት አይመስሉም። አድራሻቸው እዚያው ኡቲ፣ ፈርንሂል ሰፈር ነው፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

በእኛ ወግ በዳይ ብቻውን አይሄድም፤ ታላቁን ይልካል። ከታላላቆቼ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ሂጂና «ዱካሞ ይቅርታ ይጠይቃል» በይልኝ። እግራቸው ላይ መውደቁ ይቅርብሽ፤ ቆመሽ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ ዱካሞ


ኡቲ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዱካሞ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ፊቤን ሳምልኝ። የጠዋቱ ዳቦ ሲመጣ ቁጠር፤ ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ይቸኩላል።

መቃብሩን አየሁ። የተነሣ የለም። ብዙዎቹ እንግሊዞች ናቸው፤ የሚቸኩሉም አይመስሉም። አንዱ በሃያ ሦስት ዓመቱ ነብር ሊያድን ወጥቶ ነብሩ እንደቀደመው ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ሣሩን የሚያጭዱት ሰውዬ አብረውኝ አነበቡ።

ደርሼ መጀመሪያ ያየሁት ምን መሰለህ? ባሕር ዛፍ። ተራራው በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው። ከመኪናው ወርጄ ሽታው ሲያገኘኝ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ ሆሳዕና የገባሁ መሰለኝ። እነሱ ዘይቱን ጨምቀው በትንሽ ጠርሙስ ለጉንፋንና ለመገጣጠሚያ ይሸጡታል። እኛ አንድደነው ጨረስነው። የማረፊያዬ ባለቤት በየቀኑ ጉልበቴን ታሸኛለች፤ እንደ አዲስ ቤት እሸታለሁ።

ሐይቁን ዞርኩት። ሐይቁ እግዜር የሠራው አይደለም፤ አንድ እንግሊዛዊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ወንዝ ገድቦ የሠራው ነው። በእግር የሚዘወር ጀልባ አለ። አዲስ ተጋቢዎች ከየአገሩ መጥተው ይሳፈሩና መሀል ላይ ሲደርሱ ማን ይዘውር ብለው ይጨቃጨቃሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ጋብቻ ሲፈተን አየሁ። ሁለቱ ተመልሰዋል። ዳር ዳሩን የተቀቀለ ኦቾሎኒና ጨው የነካው ጥሬ ማንጎ ይሸጣሉ። ቲቸር ሰሌዳው ላይ ሲስሉት ሐይቁ ባቄላ ይመስል ነበር። ልክ ነው፤ ባቄላ ነው።

ስለዚያ ስለጻፍክልኝ፤ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፈርንሂል ዳገት ነው። ጉልበቴ ሲጠና እሄዳለሁ።

እህትህ ኤርጎጌ


ካትሌሆንግ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኤርጎጌ፣

ሰው ፈልጊልኝ ብልሽ ሐይቅ ላክሽልኝ። ሐይቁ ደርሶኛል፤ ጥሩ ሐይቅ ነው፤ አመሰግናለሁ።

ፊቤ ፈርንሂልን በስልኳ ካርታ አሳየችኝ። ከሐይቁ በእግር ሠላሳ ደቂቃ ይላል። ዳገት መሆኑን አልካድኩም፤ ግን ካትሌሆንግ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆመች ሴት ዳገት ፈራች ብዬ ለማን ልንገር? ለደንበኞችሽ? ጎረቤታችን ማማ ንቶምቢ ትናንት ሳሙና እየገዛች «ጎጎ ሕንድ አገር ምን ትሠራለች?» አለችኝ። «ትዞራለች» አልኳት። «ማይ ፍሬንድ፣ ጎጎ ሳትቆጣጠርህ ሳሙናው አንሷል» አለችኝ። ሳሙናው ያው ነው። ግን ከሷ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ፍርግርጉም ለዚህ አይጠቅምም።

የሱቅ ምዝገባውን ጨርሰናል። አምስት ወረቀት ጠይቀውኝ ስድስት ሰጠኋቸው፤ ስድስተኛው የምን እንደሆነ እነሱም እኔም አናውቅም። ማኅተም አድርገው መልሰውልኛል።

ካላስቸገርኩሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተቀይመሽኛል? አስቤበታለሁ። ቲቸር ሲባረሩ አንቺም እንጀራሽ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ሆሳዕና ውስጥ ሥራ የሚሰጥሽ ጠፍቶ «የሕንዱ ሠራተኛ» እያሉ ሲጠቋቆሙብሽ አስታውሳለሁ። እኔ ደግሞ ገበታ ላይ ካንቺ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ቆጮዬን እበላ ነበር። አሁን ይህን አውቀሽ «የራስህን ይቅርታ ራስህ ለምን» ብትዪኝ አልፈርድብሽም። ግን እንዲያ ከሆነ ንገሪኝ። የአትክልት ሥፍራ አትላኪልኝ።

ዱካሞ


ኡቲ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዱካሞ፣

አልተቀየምኩህም። በአንድም ነገር አልተቀየምኩህም። ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው።

የአትክልት ሥፍራ አትላኪልኝ ብለሃል፤ ዘግይተሃል፤ አይቼዋለሁ። ድንጋይ የሆነ ግንድ አለ፤ ሃያ ሚሊዮን ዓመቱ ነው ይላል ጽሑፉ። ነካሁት። ግንድ መሆኑን አልረሳም፤ ዓመት ዓመቱን የያዘው ቀለበት ሁሉ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ውስጡ የገባውን አይለቅም።

ባቡሩንም ሞከርኩት። እስከ ኩኑር ቁልቁል ወርጄ ተመለስኩ። ከዚያ በታች ባለው ገደል እውነትም ሐዲዱ መሀል ጥርስ አለው፤ ሞተሩም ከፊት አይጎትትም፣ ከኋላ ሆኖ ይገፋል። ቲቸር ይህን ሲነግሩን ማንም አላመናቸውም ነበር። ዝንጀሮዎቹን ግን አልነገሩንም። ኩኑር ጣቢያ አንዱ በመስኮት ገብቶ ብስኩቴን ወሰደ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ «የሱ ነው፣ ተዪው» አሉኝ። ቋንቋቸውን አልችልም፤ ግን እንዲህ እንዳሉ አውቃለሁ።

ሻይ ፋብሪካም ገባሁ። ሻይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ምን እንደሚሸት አሽትተህ እንጂ ሰምተህ አታውቀውም። መጨረሻ ላይ በትንሽ ብርጭቆ ይሰጡሃል። ሻይ ሰጠኝ ብለህ ነበር አይደል፣ ካድሬው? ስኳር አብዝቶበት ነበር።

ከአትክልቱ በላይ ጎሽ የሚያረቡት ሰዎች፣ ቶዳዎቹ፣ ይኖራሉ። ቤታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ተደፍቶ ይመስላል፤ በቀርከሃና በሣር የተሠራ ነው፣ አባታችን ቢያዩት «የእኛ ቤት ለምን ጎበጠ?» ይሉ ነበር። በሩ ከጉልበት ከፍ አይልም፤ በደረት ካልሆነ አይገባም። ሴቶቹ ነጭ ጋቢ ላይ ቀይና ጥቁር ይጠልፋሉ፤ ለፊቤ አንድ ይዤላታለሁ። አንዲት ወጣት ከሩቅ መጥታ አንዲት አሮጊት ፊት ተንበረከከች፤ አሮጊቷ እግሯን አንሥታ ግንባሯን ነካችላት። ሰላምታቸው ነው አሉኝ። እኔ ግን ብዙ ቆሜ አየሁ። እግሯን እስክታነሣላት ድረስ ወጣቷ ምን እያሰበች ይሆን አልኩ።

ፈርንሂል ሄጃለሁ። ሐሰት እንዳትለኝ፣ በሩ አረንጓዴ ነው፣ ደወል አለው፣ አጥሩ ላይ ጽጌረዳ ወጥቶበታል። ሳልደውል ዝናብ መጣብኝና ተመለስኩ።

እውነቱን ለመናገር ዝናቡ የመጣው ማረፊያዬ ከገባሁ በኋላ ነው።

ኤርጎጌ


ካትሌሆንግ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንዳልሽው። ካልተቀየምሽኝ ምን እንደከለከለሽ አላወቅኩም። ግን ሴት ልጅ ደወል ላይ እጇን አንሥታ ከመለሰች ምክንያት አላት። አልመረምርሽም። በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚህ ጉልበትሽ፣ የእኔን ሸክም ዳገት ላይ አሸክሜሻለሁ። ተዪው። ስቅለት ቢያልፍም ያልፋል፤ ሳህን ማቀበል ለምጃለሁ።

ፊቤ ደብዳቤውን ሳነብ አግኝታኝ፣ «ዳዲ፣ ዋይ ዶንት ዩ ጀስት ኮል ሂም? ቁጥሩ እኮ አለኝ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም።»

«ለምን?»

«እግር የለውም።»

«ኤርታይም ከሌለህ እኔ እሰጥሃለሁ» አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ አልኳት።

ሀቢባ ይህን ይዛ ማክሰኞ ትደርሳለች፤ ዓርብ ትመለሳለች። የምትልኪው ካለሽ ላኪ። ከሌለሽም የሻይ ቅጠል ላኪ።

ዱካሞ


ኡቲ
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዱካሞ፣

«ተዪው» ያልክበት ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ዶዳቤታ ወጣሁ፤ ያ ትልቁ ተራራ። እስከ አናቱ መኪና ይሄዳል። ላዩ ላይ በአንድ በኩል ቆላው ሁሉ ይታያል፣ በሌላ በኩል ጉም ብቻ። ጉሙን ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ቆሜ የጠመኔውን ሥዕል አንድ በአንድ አሰብኩት። ሐይቁን አይቻለሁ። ባቡሩን አይቻለሁ። አትክልቱን፣ ቶዳዎቹን፣ ተራራውን። የቀረ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ትንሽ ሆነዋል። ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበዋል። «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ትኩር ብለው አዩኝና በአማርኛ፣ «ኤርጎጌ። ውሃው ሞቀ?» አሉኝ። በየጠዋቱ ይጠይቁኝ የነበረውን። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ትንሽ በእንግሊዝኛ፣ ትንሽ በአማርኛ አወራን። ቆጮ አሁንም አለ ወይ አሉ። አለ አልኳቸው። «እኔ ያልወደድኩት አንድ ነገር ቆጮ ነበር፤ ስሄድ ግን እሱ ነው የናፈቀኝ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ቆሜ መልእክትህን ነገርኳቸው። ዱካሞ ይህን ብሏል፣ ይህን ተናግሯል፣ ይቅርታ ይጠይቃል አልኩ። አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «አማዞንን የሚያውቀው ልጅ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ሕፃን ነበር እኮ» አሉ። የማባረሪያው ደብዳቤ ረቡዕ ዕለት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሐይቁን ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ሳለ እንደደረሳቸው ነገሩኝ። ሐይቁን ጨርሰው ጠመኔውን አስቀመጡ። የተከፉት ባቡሩን ሳይስሉ በመቅረታቸው ነው፤ ያ ክፍል ባቡሩን ገና አላየም ነበር።

ተንበረከክሁ። አውቃለሁ፣ ሐኪሙ ከልክሏል። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «ይቅር ብያለሁ፤ ፈጽሞ ይቅር ብያለሁ፤ ተነሽ» አሉ። ለመነሣት ግን እሳቸውም እኔም አቅም አጣን። የጎረቤት ሴት መጥታ አነሣችን።

ዳቦህን ብላ።

እህትህ ኤርጎጌ


ካትሌሆንግ
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣ ለኤርጎጌ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

በላሁ። ስቅለት ዕለት ሳህኑ ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ጎረቤቴ ሊያሳልፈው ጀምሮ ነበር፤ አስቆምኩት። አርባ ዓመት የጠበቅኩት ቁራሽ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ይበልጣል። ደርቆም ነበር። እንደዚያ የጣፈጠ ነገር በልቼ አላውቅም። ፊቤ ከኋላ ሆና ስታየኝ ነበር፤ ከዚያ ታክሲው ውስጥ እጄን ይዛኝ ካትሌሆንግ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለሷ ይህ ረጅም ጾም ነው።

የፊታችን እሁድ ይሾሙኛል። ፓስተር ጌዴዎን ከጉባኤው ፊት ሁለት ቃል እንድናገር ጠይቆኛል። ሦስት ቃል ከተናገርኩ ወዲህ በአደባባይ መናገር አልወድም፤ ግን እሞክራለሁ። ስላንቺ እናገራለሁ። በአዲስ ጉልበቷ ዳገት ወጥታ የወንድሟን ኃጢአት ተሸክማ የደረሰች እህት አለችኝ እላለሁ። አትቆጪ፤ እዚያ ሆነሽ አትሰሚም።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛ፣ ለምን ተንበረከክሽ? መልእክት ለማድረስ መቆም ይበቃል፤ ጽፌልሽም ነበር። ጉልበትሽ ተጎድቶ እንደሆነ አትደብቂኝ።

ሁለተኛው ቀላል ነው። ቲቸር ቀኑን ተሳስተዋል። ደብዳቤው ረቡዕ ሊደርሳቸው አይችልም፤ እኔ የተጠራሁት ሐሙስ ነው። በሰማንያ አራት ዓመት ሰው አንድ ቀን ቢስት ምን ይባላል። እሳቸው እኔን ይቅር ካሉኝ እኔም አንዲት ረቡዕ ይቅር ልበላቸው።

ማማ ንቶምቢ «ጎጎ መቼ ትመጣለች?» ትላለች። ሳሙናው አሁንም እንዳነሰ ነው።

ወንድምሽ ዱካሞ


ኡቲ
ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዱካሞ፣

እንኳን ደስ አለህ። በስምህ ጸልያለሁ፤ ቆሜ።

ሐኪሙ ጉልበቴን አይቶ ተቆጣ፣ ከዚያ ደህና ነው አለ። ግንቦት 8 ከሀቢባ ጋር አብረን እንመጣለን። የሻይ ቅጠል፣ የባሕር ዛፍ ዘይት፣ የፊቤን ጋቢ ይዣለሁ። ቲቸር ለአንተ በወረቀት ላይ ባቡሩን ስለው ሰጥተውኛል፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሐዲዱ ጥርሱ በዝቷል። በየሐሙሱ እየሄድኩ ውሃ አሞቅላቸዋለሁ።

ለምን ተንበረከክሽ ብለሃል። ልክ ነህ፤ መልእክት ለማድረስ መቆም ይበቃል። ያንተን ቆሜ ነው የነገርኳቸው።

ቀኑን ግን ቲቸር አልተሳሳቱም። ደብዳቤው የደረሳቸው ረቡዕ ነው። እኔን ቀበሌ የጠሩኝ ማክሰኞ ነበር።

ኤርጎጌ